በሰባት ያልሞከርኩት ቁጥር

ሐምሌ 1 ቀን 2017፣ ማክሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት ክርክር ልጀምር ስለሆነ ነው። ቀን ያልተጻፈበት ቃል ነገ ሌላ ሰው እንደፈለገ የሚያርመው ቃል ነው። ይህን በዕድሜዬ ያየኋቸው ቢሮዎች ሁሉ አስተምረውኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰዓት በኋላ አንዲት ልጅ በሬን አንኳኳች። ናዝራ ትባላለች፤ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ የጀጎል ልጅ ናት። ጫማዋን ደጅ ልታወልቅ ስትል "ጭቃውን ጥረጊው እንጂ አታውልቂ" አልኳት። የስምንተኛ ክፍል ውጤት ዛሬ ተለጥፏል። ለሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤቱ የሚመረጡት ከላይ ያሉት ሠላሳ ልጆች ናቸው። እሷ በአንድ ነጥብ ተበልጣ ሠላሳ አንደኛ ወጥታለች።

የፈተናውን ወረቀት አውጥታ አሥራ ሰባተኛውን ጥያቄ አሳየችኝ። "ከሚከተሉት ውስጥ ብቸኛ ቁጥር የሆነው የቱ ነው? ሀ. 51፣ ለ. 57፣ ሐ. 87፣ መ. 91።" ብቸኛ ቁጥር ማለት ከአንድና ከራሱ በቀር ለሌላ ለማንም ያለ ቀሪ የማይካፈል ማለት ነው። ናዝራ አንዱንም አልከበበችም። ከሥሩ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ "መልሱ እዚህ የለም" ብላ ጽፋለች። ተሳስተሻል ተባለች። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ትክክል ነው የሚለው መልስ 91 ነው።

"51 ለሦስት ይካፈላል፤ 57ም፣ 87ም" አለችኝ እንደቆመች። "91 ደግሞ ሰባት ጊዜ አሥራ ሦስት ነው።"

"ነው።"

"ታዲያ እኔ ምን አጠፋሁ?"

"ምንም። ወደ እኔ ማን ላከሽ?"

"አያቴ ሳዳ። 'ቲቸር በለጡ ጋ ሂጂ፤ 91ን እሳቸው ያውቁታል' አለችኝ።"

ሳዳን አስተምሬያታለሁ። በ1971፣ ስድስተኛ ክፍል፣ በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ዴስክ ላይ ትቀመጥ ነበር። ጎበዝ ነበረች። ዓመቱ ሳያልቅ አቋርጣ ስፌት ላይ ተቀመጠች። ምክንያቱን አላስታውስም። ከአርባ ስድስት ዓመት በኋላ ቸግሯት የልጅ ልጇን ወደ እኔ መላኳ ደስ አለኝ።

የአዳሪ ትምህርት ቤቱ ምዝገባ የሚዘጋው ሰኞ መስከረም 26 ነው። ልጅቷ ከሄደች በኋላ ቆጠርኩ። ከዛሬ ጀምሮ አሥራ ሦስት ሳምንት፣ ልክ 91 ቀን ነው። ለአጋጣሚ ትርጉም አልሰጥም። ቆጠራን ግን አከብራለሁ።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። ደረጃው አርባ ሁለት ነው። ኃላፊው የለም። ጸሐፊዋ "ማዘር፣ የጡረታ ጉዳይ ከሆነ ታች ነው" አለችኝ። "የ91 ጉዳይ ነው" አልኳት። ሰኞ ይምጡ ተባልኩ። ጉልበቴ።

ሐምሌ 7፣ ሰኞ

የፈተና ዝግጅት ኃላፊው ኒቆዲሞስ ሆኖ ተገኘ። ተማሪዬ ነበር። ከእጄ ካለፉት ሁሉ ጥርት ያለ ጭንቅላት የነበረው እሱ ነው። ከወንበሩ ተነሥቶ ትከሻዬን ሳመኝ።

"እትዬ፣ ለምን ደከሙ? ቢደውሉልኝ እኔው እመጣ ነበር።"

"91ን በሰባት ሞክረው" አልኩት ሳልቀመጥ።

ሳቀና እስክሪብቶ አነሣ። ከዚያ መሳቁን ተወ። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ እንደቆመ ቀረ።

"መልሱን ሦስት ሰው አጽድቆታል" አለ በመጨረሻ። "ደግሞ ምንጩ... እርስዎ ራስዎ..."

"እኔ ራሴ ምን?"

"ኧረ ምንም። በጽሑፍ ያመልክቱ፤ በጽሑፍ እንመልስልዎታለን።"

መሳቢያውን ከፍቶ ወደ ውስጥ አየና ምንም ሳያወጣ ዘጋው።

መወላወልን ከእኔ አልተማረም። አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለን ሚስ ማቲው የምትባል ህንዳዊት አስተማሪ ነበረችን። ከመቶ በታች ያለ ቁጥር ስትጠረጥሩ አራት በር አንኳኩ ትል ነበር፤ የሁለትን፣ የሦስትን፣ የአምስትን፣ የሰባትን። አራቱም ካልከፈቱ ቁጥሩ ብቸኛ ነው። ሦስቱን ብቻ አንኳኩታ የተመለሰች ልጅ በምሳ ሰዓት ቆማ ሌሎቹ ሲበሉ ታይ ነበር። እኔ አንድም ቀን ቆሜ አላውቅም። ያንን ሥርዓት ሳላጓድል ለልጆቼ አስተላልፌያለሁ።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ማመልከቻዬ ውስጥ ስለ 91 የማውቀውን ሁሉ አስፍሬ ነበር፤ ገሊላ ሰረዘችብኝ። ገሊላ የእህቴ ልጅ ናት፤ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፣ ከእኔ ጋር ትኖራለች፣ ጽሑፌን በኮምፒዩተር ትገለብጥልኛለች። "አክስቴ፣ ይሄ ማመልከቻ ነው ወይስ ገድል?" አለችኝ። የሰረዘችውን እዚህ እጽፈዋለሁ። ደብተሩ የእኔ ነው።

ከአንድ እስከ አሥራ ሦስት ያሉትን ቁጥሮች ብንደምር 91 ነው። ሦስት ጊዜ ሦስት ጊዜ ሦስት 27፣ አራት ጊዜ አራት ጊዜ አራት 64፣ ድምሩ 91። አንድ፣ ዘጠኝና ሰማንያ አንድ ሲደመሩም 91። ይህን ሁሉ ዘመድ የያዘ ቁጥር ብቸኛ ነው መባሉ ያናድደኛል።

ሌላ አንድ ዝምድናው ግን በዓይን የሚታይ ስለሆነ ጊደር መጋላ ገበያ ወረድኩ። አንዲት ብርቱካን ሻጭ አራት ደርብ ከምራ ተቀምጣለች።

"ሥሩን ስድስት በስድስት አድርጊው" አልኳት።

"አቦ፣ ትገዢኛለሽ ወይስ ታስተምሪኛለሽ?"

ሐረር ላይ "አንቺ" ንቀት አይደለም። ሰባ ሰባት ዓመት ኖሬበት ግን ጆሮዬ አልለመደውም። ቢሆንም ዋጥ አድርጌው ጎንበስ አልኩና ራሴ መደርደር ጀመርኩ። ሥሩ ሠላሳ ስድስት፤ በላዩ ሃያ አምስት፤ ከዚያ አሥራ ስድስት፣ ዘጠኝ፣ አራት። ብርቱካን ሲጎድለን ከጎረቤቷ ተበደረች። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ "አሮጊቷ ስንት ትሸጠዋለች?" አለ። የመጨረሻዋን ጫፉ ላይ ሳስቀምጥ ሻጯ እጇን አጨበጨበች።

"ወላሂ ያምራል! ስንት ሆነ?"

"91።"

"እንዲህ ካማረ ማን አፍርሶ ይገዛኛል ታዲያ?"

ሰባት ገዛኋት። 84 ቀረ፤ እሱም አሥራ ሁለት ጊዜ ሰባት ነው። ቤት እስክደርስ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

መልስ መጣ፤ አራት መስመር። "የመልሱ ምንጭ በከተማችን ትምህርት ቤቶች ለረጅም ዓመታት ሲሠራበት የኖረ የብቸኛ ቁጥሮች ሠንጠረዥ በመሆኑ ቅሬታው ተቀባይነት አላገኘም" ይላል። ስሕተት ስላረጀ አይከበርም። ሠንጠረዡን ማን እንዳዘጋጀው አልገለጹም። ደውዬ ጠየቅኩ፤ "ማዘር፣ እሱን አናውቅም" አሉ።

ሁለተኛ ማመልከቻ ዛሬውኑ ጻፍኩ።

ቁም ሣጥኑ ላይ የድሮ የማስተማሪያ ወረቀቶቼ ያሉበት ካርቶን አለ። ገሊላ "ላውርድልዎት? ምናልባት የሚረዳዎት ነገር ይኖራል" አለችኝ። አቧራው ያስለኛል አልኳት።

ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ

በሸዋ በር ገብቼ፣ በጠባቡ መንገድ ግድግዳ እየያዝኩ ሳዳ ቤት ደረስኩ። ነደባው ላይ፣ ያ ምንጣፍ የለበሰው የቤታቸው መደብ ላይ፣ ተቀምጣ ስፌት ትሰፋለች። ስታየኝ ተነሥታ ከፍ ያለውን ቦታ ለቀቀችልኝ።

"ቲቸር፣ እንኳን ደህና መጡ። ልጅቷ አስቸገረችዎት።"

"ያስቸገረኝስ ጽሕፈት ቤቱ ነው። 'እሳቸው 91ን ያውቁታል' ብለሽ የላክሽልኝን መልእክት ሰምቻለሁ።"

ፈገግ አላለችም። የጀመረችውን ስፌት ገልብጣ መሐሉን አሳየችኝ። "እናቴ ያስተማረችኝ ነው። መሐሉ አንድ ነጥብ። ዙሪያውን ስድስት፣ ቀጥሎ አሥራ ሁለት፣ ቀጥሎ አሥራ ስምንት፤ በየዙሩ ስድስት ይጨምራል። አምስተኛው ዙር ሲያልቅ ሁሉም አንድ ላይ 91 ይሆናል። ቀለም የምታካፍለኝ እዚያ ላይ ነበር። ሰባት ቀለም፤ ለአንዱ ቀለም አሥራ ሦስት። አንድም አይተርፍም፤ አንዱ ቀለም ሌላውን አይበልጠውም።"

በልቤ ደመርኩት። ልክ ነው።

"ይህን መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ትምህርት ቤት ሳልገባ።" ወስፌውን ስፌቱ ላይ ሰካችው። "ነግሬዎትም ነበር።"

"መቼ?"

"ልጅ ነበርኩ" አለችና ናዝራን ሻይ እንድታመጣ ላከቻት።

ሳዳ ስትሰፋ ግራ መዳፏን ከስፌቱ ሥር ትደብቀዋለች። የስፌት ሴቶች ሁሉ እንዲህ ይይዙ ይሆናል።

ስመለስ ዝናብ መታኝ። ክፍል ውስጥ ስለ ስፌት አንድ ጊዜ የተነገረ ነገር ያለ ይመስለኛል። ክፍሉ አርባ ሁለት ተማሪ ነበረው። አርባ ሁለት ልጅ የሚለውን ሁሉ ማን ያስታውሳል?

ነሐሴ 4፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ገሊላ በስልክ ታወራለች። "አክስቴ እኮ ተጣልተዋል... ኧረ ከባንክ ጋር አይደለም፤ ከቁጥር ጋር! ከቁጥር!" በሩ ላይ ቆሜ "ከቁጥሩ ጋር ጠብ የለኝም፤ ጠቤ ከሰዎቹ ጋር ነው" አልኳት። ስልኩ ከእጇ ወደቀ።

በአሁኑ ሰዓት ከተማው ሁሉ እብድ ሊለኝ ይችላል። ይበል። 77 ዓመቴ ነው፤ እኔም ለሰባት እካፈላለሁ። ሰባትን የምፈራበት ምክንያት የለኝም።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

ሥራዬ መጣች። ጎረቤቴ ናት። ልጇ ነፃነት የክርስትና ልጄ ናት። በውጤቱ ሠላሳኛ የወጣችው ነፃነት ናት። ይህን እስከ ዛሬ እዚህ አልጻፍኩትም። ለክርክሩ አግባብነት የለውም ብዬ ነው።

ነጠላዋን እንኳ አላስተካከለችም።

"እትዬ በለጡ፣ የሚወራው እውነት ነው? የገዛ ክርስትና ልጅዎን ሊያወርዱ ነው?"

"እኔ ማንንም አላወርድም። 91 ግን..."

"91፣ 91 አይበሉኝ! ልጄ ያንን መልስ ከየት አመጣችው?" በላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ጣለችው። "ከፋሲካ እስከ ሰኔ እዚህ ወንበር ላይ አስቀምጠው ያስጠኗት ማን ነው? 'ይህን በቃልሽ ያዢው' ያሏት ማን ነው? ያዘችዋ! እንዳሉት ያዘችው!"

ወረቀቱ የእኔ ነው። የስቴንስል ብዜት ነው፤ ርዕሱ "ከ1 እስከ 100 ያሉ ብቸኛ ቁጥሮች" ይላል። ከታች በቀኝ በኩል "በለጡ ኃይለመስቀል፣ 1970" ተብሎ ተጽፏል።

ሥራዬ እያለች አላነበብኩትም።

ነሐሴ 10

ቆጠርኩት። 26 ነው። መሆን ያለበት 25።

ነሐሴ 11

እንደገና ቆጠርኩት።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

ካርቶኑን ገሊላ አወረደችልኝ። አላሳለኝም።

ዋናው ስቴንስል እዚያው አለ። 79፣ 83፣ 89፣ 91፣ 97። ከ91 በላይም በታችም ስርዝ የለም። በልበ ሙሉነት የተጻፈ ነው።

ሰበብ ፈለግኩ፤ አገኘሁም። ጊዜው የጦርነቱ ዓመት ነበር፤ ከተማው ዙሪያ መድፍ ይሰማ ነበር፤ ስቴንስሉን በአንድ ቀን ጨርሺ ተብዬ ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ነው። መድፍ ግን 91ን አይለውጥም። ሁለትን፣ ሦስትን፣ አምስትን አንኳኳሁ፤ የሰባት በር ላይ አልደረስኩም። ከዚያ ወዲህ ያንን ወረቀት አላነበብኩትም። የራሴ እጅ ጽሑፍ አራሚ አያስፈልገውም ብዬ ነው። ወረቀቱን ግን በየዓመቱ አባዝቼ አደልኩ። ኒቆዲሞስ መሳቢያው ውስጥ ያየው እሱን ነው። ፈተናውን ያወጣው በእሱ ነው።

የሚያሳፍረኝ ሌላ አለ። በየዓመቱ መስከረም ላይ ልጆቹን የማስደንቅበት ጨዋታ ነበረኝ። ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር አስቡ፤ በሰባት አባዙ፤ በአሥራ አንድ አባዙ፤ በአሥራ ሦስት አባዙ። 256 ያሰበ 256256 ያገኛል። ሰባት ጊዜ አሥራ አንድ ጊዜ አሥራ ሦስት 1001 ስለሆነ ነው። ሰባትንና አሥራ ሦስትን ለሃያ አምስት ዓመት አንድ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ጻፍኩ፤ ሁለቱ ብቻቸውን ሲባዙ ስንት እንደሚሆኑ ግን ወደ ሠንጠረዡ ዞሬ አላየሁም።

አሁን ደግሞ አላስታውስም ያልኩትን ልጻፍ። አስታውሳለሁ። ሁልጊዜም አስታውስ ነበር።

በ1971 ሠንጠረዡን ሰሌዳ ላይ ስገለብጥ ሳዳ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ እኛ ቤት 91 ለሰባት ቀለም ይደርሳል" አለች። ልጆቹ ሳቁ። ልጆች ሲስቁ የሚስቁት በእኔ ነው ብዬ አስብ ነበር። "ይህ የሒሳብ ክፍል እንጂ የስፌት ቤት አይደለም" አልኳት። እጅሽን ዘርጊ አልኳት። ግራ እጇን ዘረጋች። በማስመሪያ መታኋት። ስንት እንደሆነ አልቆጠርኩም። በሳምንቱ ዴስኩ ባዶ ነበር፤ ስሟን ከመዝገብ በቀጥታ መስመር ሰረዝኩ።

ማመልከቻውን መልሼ አልወስደውም። ልጅቷ ትክክል ናት። የሚለወጠው ተከሳሹ ብቻ ነው።

ነሐሴ 18፣ እሑድ

ሳዳ ቤት ሄድኩ። ከፍ ያለውን ቦታ ስትለቅልኝ እንቢ ብዬ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። የመጣሁበትን ሁሉንም ነገርኳት። ወስፌዋን አላቆመችም።

"ስንት መታሁሽ?"

"ሰባት።"

 ከዚያ ይቅርታ ጠየቅኳት። ቃሉ ለአፌ ከበደኝ እንጂ አልተሰነካከልኩም።

"ቲቸር" አለች፣ "ይቅርታውስ ይሁን፤ አላህ ይቅር ይበለን። ግን እዚህ ቤት ነው የሚሉኝ። ያኔ ክፍሉ ፊት ነው የመቱኝ። ክፍሉ ፊት ይንገሩልኝ።"

"ክፍሉ የት አለና?"

"እሱን እርስዎ ይፈልጉት። መዝገብ የሚይዙት እርስዎ ነበሩ።"

ልክ ናት። እኔ ብሆን ከዚህ ባነሰ አልለቅም ነበር።

ነሐሴ 26፣ ሰኞ

ኒቆዲሞስ ጋ ሄጄ ሦስተኛ ማመልከቻዬን አስቀመጥኩለት። በማስረጃነት ያያያዝኩት የራሴን ስቴንስል ነው። አይቶ ፊቱ ተለወጠ። ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

"እትዬ፣ ይህን አያስገቡ። እለምንዎታለሁ።"

"ታውቅ ነበር።"

"ያን ቀን በሰባት ስሞክረው አወቅኩ። ሠንጠረዡ ከልጅነቴ ጀምሮ ከእኔ ጋር ነው። የእርስዎ ስም አለበት። እርስዎን የማያውቅ መምህር እዚህ ከተማ የለም። ስምዎን..."

"ስሜን ጠብቀህ ልጅቷን ጣልክ።"

"እኔ እርስዎን አከብራለሁ!"

"አክብሮት ማለት መምህሩን በሰባት መሞከር ነው" አልኩት። "ይህን ሳላስተምርህ ቀርቼ ከሆነ አሁን ተማር። ማኅተም አድርግበት።"

ማኅተሙን አደረገበት። ደረጃውን እስከ ታች ደግፎ አወረደኝ።  መጨረሻው ላይ "እኔ ራሴ ነኝ ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው የማቀርበው" አለ።

ጳጉሜን 3

ዝናብ። የኮሚቴው ቀጠሮ መስከረም 20 ሆነ። ምዝገባው ሊዘጋ ስድስት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። ሥራዬ መንገድ ላይ ስታየኝ ተሻግራ ሄደች። ከ1971ዱ ክፍል ገሊላ በስልክ አፈላልጋ አራት ሰው አገኘችልኝ። ሌሎቹ ሞተዋል፣ ወይም ከአገር ወጥተዋል፣ ወይም ስልካቸው አይነሣም። አንዱ "ቲቸር፣ የድሮ የቤት ሥራ ሊጠይቁኝ ነው?" አለኝ። የቤት ሥራው የእኔ ነው አልኩት።

መስከረም 20፣ ማክሰኞ

እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ኮሚቴው አምስት ሰው ነው። ሰብሳቢው አቶ ዐብዱልገኒ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ናዝራ ከሳዳ ጋር፣ ነፃነት ከእናቷ ከሥራዬ ጋር፣ አራቱ የድሮ ተማሪዎቼ ደግሞ ግድግዳውን ተጠግተው ተቀምጠዋል። ኒቆዲሞስ ጥያቄ አሥራ ሰባትን አነበበና "መልሱ ስሕተት ነው፤ ያወጣሁትም ያጸደቅሁትም እኔ ነኝ፤ ካወቅሁ በኋላም ዝም ብያለሁ" አለ። ድምፁ አልተሰበረም። ኮራሁበት፤ ተናደድኩበትም።

"ሠንጠረዡን ያዘጋጀው ማን ነው?" አሉ አቶ ዐብዱልገኒ።

ተነሣሁ። ገሊላ ልትደግፈኝ እጇን ስትዘረጋ ገፋሁት።

"እኔ ነኝ። በለጡ ኃይለመስቀል። በ1970 ያለ ምርመራ ጻፍኩት፤ ጡረታ እስክወጣ አደልኩት።" ወደ ግድግዳው ዞርኩ። "እናንተ አራታችሁ እዚያ ነበራችሁ። በ1971 ሳዳ 91 ለሰባት ይካፈላል አለች። እናንተ ሳቃችሁ፤ እኔ መታኋት። እሷ ልክ ነበረች፤ እኔ አልነበርኩም። የስፌት ቤት ልጅ ከእኔ በላይ አታውቅም ብዬ ነበር የመታኋት። ይህን ቁጭ ብሎ መስማት የነበረበት መላው ክፍል ነው። የተረፋችሁት እናንተ ናችሁ።"

አንዱ አንገቱን ደፋ። ሳዳ ተነሥታ ስፌቷን ኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ አኖረች። ጨርሳዋለች፤ ሰባት ቀለም ነው። አቶ ዐብዱልገኒ መነጽራቸውን አድርገው ቀዩን በጣታቸው ቆጠሩ። አሥራ ሦስት። ከዚያ አረንጓዴውን ቆጠሩ። አሥራ ሦስት። ሦስተኛውን ሊጀምሩ ሲሉ ሳዳ "ሁሉም ያው ነው፣ አብሽሩ" አለቻቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ይህኛው ሳቅ አላስከፋኝም።

"እሺ፣ ቁጥሩ ገብቶናል" አሉ። "ግን ነጥቡ ለናዝራ ተሰጥቶ 91 ካሉት ከተሰረዘ ሠላሳኛዋ ልጅ ትወርዳለች። እሷስ ምን አጠፋች?"

ሥራዬ የልጇን እጅ ጨበጠች።

"ማንም አይወርድም" አልኩ። "ናዝራ ቁጥሩን አመነች፤ ነፃነት አስተማሪዋን አመነች። ሁለቱም አላጠፉም። ያጠፋነው ትልልቆቹ ነን። ጥያቄው መልስ ስለሌለው ነጥቡ ለተፈተኑት ሁሉ ይሰጥ። ከሥር ካሉት በአንድ ነጥብ የቀረችው ናዝራ ብቻ ናት፤ የምትደርሰውም እሷ ብቻ ናት።"

"አልጋው ሠላሳ ነው፣ እትዬ።"

"አልጋ እኔ ቤት አለ።"

ወደ ውጭ አስወጡን። ኮሪደሩ ላይ ሥራዬ ከጎኔ ቆመች። አላወራችኝም፤ አልተሻገረችም። ሲጠሩን ውሳኔውን አቶ ዐብዱልገኒ ቆመው አነበቡ። ነጥቡ ለሁሉም ይሰጣል፤ ሁለቱ ልጆች እኩል ናቸው፤ ሁለቱም ይገባሉ።

ሳዳ ስትወጣ በአጠገቤ አለፈች። "ክፍሉ ትንሽ ነበር" አለችኝ። "ድምፅዎት ግን ለአርባ ሁለት ይበቃል።"

መስከረም 23፣ ዓርብ

የእንግዳ ክፍሉ የብረት አልጋ ወጣ። ገሊላ "እንግዳ ሲመጣስ?" አለች። "እንግዳ መሬት ይተኛ" አልኳት። ኒቆዲሞስ ኮቱን አውልቆ በአንድ በኩል ተሸከመ፤ በሌላው በኩል ሥራዬ። ላግዝ ስትለው "ከባድ ነው" አላት፤ "ልጄም ልትተኛበት ትችላለች፤ ያዝ!" አለችው። አዲስ ሠንጠረዥ ጽፌ ለኒቆዲሞስ ሰጠሁት። 25 ቁጥር ነው። አራቱንም በር አንኳኩቻለሁ፤ "አንተም አንኳኳ፤ ከዚያ ፈርም" አልኩት። እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ሰዓት ተቀምጦ አንኳኳ።

መስከረም 26 ቀን 2018፣ ሰኞ

ዘጠና አንደኛው ቀን።

ምዝገባው ከመዘጋቱ በፊት ደረስኩ። ናዝራ ስሟን ስትጽፍ ከኋላዋ ቆሜ የእጅ ጽሑፏን አየሁ፤ መስመሩን አልሳተም። መኝታ ክፍሉን አሳዩኝ። ነፃነትና ናዝራ አልጋዬን ማን ይውሰደው ብለው ይከራከራሉ፤ አንዷ ይጮኻል፣ ሌላዋ ጠንካራ ነው ትላለች። "ዝም በሉና ቁጠሩ" አልኳቸው። ቆጠሩ። እኔም ለራሴ ቆጠርኩ። በሚስ ማቲው ዘመን ያመለጠኝን ቅጣት እንደምፈጽም ልጅ በሩ ላይ ቆሜ ነበር የቆጠርኩት።

31 አልጋ። ብቸኛ ቁጥር ነው። በሁለት፣ በሦስት፣ በአምስት ሞከርኩት፤ ለዚህ መጠን ይህ ይበቃል። በሰባትም ሞከርኩት። ሦስት ይተርፋል።